ማታ ለእንቅልፍና ለጭንቀት የሚታዘዝ ኪኒን፦ ከመጀመርዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

እንቅልፍ እምቢ ካለዎ ሰንብቷል። ልብ ይመታል፣ ሐሳብ ይመላለሳል፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ዓይን ፈጦ ይቀራል። በመጨረሻ ከሰፈርዎ ጤና ጣቢያ ወይም ከጳውሎስ ሆስፒታል ደረሱ፤ ባለሙያው አዳምጦ፣ መርምሮ፣ «ማታ ሲተኙ አንድ» ብሎ አሚትሪፕቲሊን ጻፈልዎ። ቤት ሲመለሱ አንዷ ጎረቤት «እሱማ የነርቭ ነው፣ እኔም ለራስ ምታቴ ወስጄዋለሁ» ትላለች። ሌላዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የአእምሮ ሕመምተኞች መድኃኒት ነው፣ አንዴ ከጀመሩት አይለቅዎትም» ትላለች። ሁለቱም ከእውነቱ ጥቂት ጥቂት ይዘዋል። በዚህ ላይ ተመርኩዞ መጀመርም ሆነ መተው ግን አይገባም።

አሚትሪፕቲሊን የድባቴ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ያስገባው፣ በዋጋው ርካሽ የሆነ ኪኒን ነው። በአነስተኛ መጠን ለማይግሬንና የስኳር ሕመም እግር ላይ ለሚያመጣው ማቃጠል ስለሚሰጥ የመጀመሪያዋ ጎረቤት አልዋሸችም። ሁለተኛዋ የፈራችው ሱስ ደግሞ እንደ ዲያዜፓም ባሉት ኪኒኖች ላይ የሚታይ እንጂ የዚህ ጠባይ አይደለም፤ ይሁንና በድንገት ሲቋረጥ ሰውነትን ያውካል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

እንቅልፉና ጭንቀቱ በአንድ ቀን አይሻላቸውም

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙልኝ ቢሆን ይህን እመርጣለሁ። እንቅልፉ የሚመጣው በመጀመሪያው ሌሊት ነው። መድኃኒቱ አንጎልን ንቁ የሚያደርገውን ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ሥራ ያግዳል፤ የድሮውን የአለርጂ ኪኒን የዋጠ ሰው የሚያንቀላፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጭንቀቱንና ድባቴውን የሚያቃልለው ግን ሌላ ሥራው ነው፤ ሴሮቶኒንና ኖርኤፒነፍሪን በተባሉ የአንጎል መልእክተኞች ላይ የሚያመጣው ለውጥ። ያ በዝግታ የሚገነባ በመሆኑ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል።

በመካከል ያሉት ሳምንታት አስቸጋሪ ናቸው። የአፍ መድረቅ፣ የሆድ ድርቀት፣ የዓይን ብዥታ፣ የጠዋት ድንዛዜ ቀድመው ይመጣሉ፤ ዋናው ጥቅም ኋላ ይደርሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንዱ ሳምንት ሙሉ ጥሩ ተኝቶ «ዳንኩ» ብሎ ያቆማል፤ ጭንቀቱ ገና አልተነካም ነበርና ተመልሶ ይመጣል። ሌላው በአሥረኛው ቀን «ምንም አልሠራልኝም» ብሎ በራሱ ሁለት ሁለት መዋጥ ይጀምራል። ሦስተኛው እንደ ራስ ምታት ኪኒን በከፋበት ማታ ብቻ እየወሰደ በሌላው ይዘላል፤ እንዲህ የወሰደ ሰው ለጭንቀቱ የሚያገኘው ጥቅም የለም።

ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ራስዎን ይጠይቁ፦ ስድስት ሳምንት ለመጠበቅ፣ በየማታው ለመውሰድ፣ በተባለው ቀን ተመልሶ ለመታየት ዝግጁ ነኝ? መልሱ «አይ» ከሆነ አሁኑኑ ለባለሙያው ይንገሩት። ያለ ይሉኝታ። ሌላ መንገድ ሊፈልግልዎ ይችላል።

ለየትኛው ነው የታዘዘልኝ?

ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ይጠይቁ፤ መልሱን ይዘው ይውጡ። ለድባቴ ሲሆን የዓለም ጤና ድርጅት ለጠቅላላ ጤና ባለሙያዎች ያዘጋጀው መመሪያ ለአዋቂ ሰው ማታ 25 ሚሊግራም አስጀምሮ በየሳምንቱ በጥቂቱ እያሳደገ ወደ 100 እና 150 ሚሊግራም የሚያደርስ ነው፤ ለአረጋውያን ከዚህ በእጅጉ ያንሳል። ለእንቅልፍ ወይም ለሕመም ብቻ ሲታዘዝ ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 25 ላይ ይቆማል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። «ለጭንቀት ነው» ተብሎ የጀመረ፣ 25 ላይ የቀረ፣ ማንም ዞሮ ሳያየው ዓመት የሚወስድ ሰው ለጭንቀቱ የሚበቃ ሕክምና ሳያገኝ የአፉን መድረቅና የሆዱን ድርቀት ብቻ ይሸከማል። እንደ እኔ እምነት ከጠንካራ መድኃኒት ይልቅ የሚያሳስበው እንዲህ የተረሳ መድኃኒት ነው።

ቀጥለው «ለምን ይህ ተመረጠ፣ ፍሉኦክሴቲን ለምን አልሆነም?» ይበሉ። ፍሉኦክሴቲንም ከመሠረታዊዎቹ ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ጠዋት ይወሰዳል፣ አያስተኛም፣ ከመጠን በላይ ቢወሰድም አደጋው ከአሚትሪፕቲሊን በጣም ያነሰ ነው። ባለሙያው አሚትሪፕቲሊንን የመረጠበት በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ እንቅልፍ ማጣቱ ከብዶ፣ ወይም አብሮ የሚያሠቃይ ራስ ምታት ኖሮ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን መስማት መብትዎ ነው።

አንገትዎን አሳይተዋል?

በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች እንቅርት የቆየ ችግር ነው፤ አፈሩ አዮዲን ይጎድለዋል። ከሰሜን ሸዋም ሆነ ከጎጃም መጥቶ አዲስ አበባ ጉለሌ የከተመ ሰው በእናቱ ወይም በእህቱ አንገት ላይ አይቶት አድጓል፤ ስለዚህ እንደ በሽታም አይቆጥረው። ዕጢው ከልክ በላይ መሥራት ሲጀምር ግን ልብ ይደልቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሰውነት ይከሳል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ይህን ሁሉ ለባለሙያ ሲናገሩት ቁርጥ ጭንቀት ይመስላል። አሚትሪፕቲሊን በዚህ ላይ ሲጨመር አስቀድሞ የተረበሸውን የልብ ምት ይበልጥ ሊያውክ ይችላል። የታይሮይድ የደም ምርመራ ተሠርቶልዎ የማያውቅ ከሆነ፣ በተለይ እየበሉ ከከሱ ወይም አንገትዎ ላይ እብጠት ካለ፣ ኪኒኑን ከመዋጥዎ በፊት ምርመራውን ይጠይቁ። ጭንቀት ነው የተባለው ሁሉ ጭንቀት አይደለም።

ሳይጠየቁም ቢሆን የሚናገሩት ሌላም አለ። የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ ግላኮማ የሚባለው የዓይን ግፊት፣ በዕድሜ የገፉ ወንድ ከሆኑ ሽንት ሲጀምሩ መቸገር። እርግዝናና ጡት ማጥባት። በዕድሜ ለገፋ ወይም ልቡን ለታመመ ሰው አስቀድሞ የልብ ምት በኢሲጂ ቢታይ ይመረጣል።

አንዱን ነገር ግን ሰው ከሁሉ በላይ ይደብቀዋል፦ ቀደም ባለው ጊዜ ለቀናት ሳይተኙ ጉልበት የሞላብዎ፣ ወሬዎ የማያቆምበት፣ ገንዘብ የበተኑበት፣ ቤተሰብ «ምን ነካው?» ያለበት ወቅት ነበር? ከነበረ ባይፖላር የሚባለው ሕመም ሊሆን ስለሚችል የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ወደዚያ ሁኔታ መልሶ ሊገፋ ይችላል። ይህን ከታማሚው ይልቅ የሚያስታውሱት እናት ወይም ባለቤት ናቸውና አንድ የቤት ሰው ይዘው ይሂዱ።

የሚወስዱትን ሁሉ በአንድ ፌስታል

ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት፣ የዛሬውንም ያለፈውንም፣ ከነማሸጊያው በአንድ ፌስታል ሰብስበው ለባለሙያው ይዘርግፉለት። ስሙን ከማስታወስ ይህ ይሻላል።

በጉለሌ ይህ ምክር ተጨማሪ ክብደት አለው። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ማዕከል ሆኖ የኖረ ነው፤ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የያዛቸውም ይታከሙበታል። ለእነርሱ ከሚሰጡት አንዱ ቤዳኪሊን የልብ ምትን ሥርዓት ሊያናጋ የሚችል ነው፤ አሚትሪፕቲሊንም እንዲሁ። ሌላው ሊኔዞሊድ ከድባቴ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ሴሮቶኒንን ከልክ በላይ አንሮ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥና መቃዠት ሊያመጣ ይችላል። ለተለመደው ቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው አሚትሪፕቲሊንን ከደም ውስጥ ቶሎ እንዲወጣ ያደርጋል። ከኤች አይ ቪ መድኃኒቶች መካከል ሪቶናቪር ያለባቸው መጠኑን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጉታል። ቲቢ የያዘው ሰው እንቅልፍ ማጣቱና መጨነቁ የሚጠበቅ ነው፤ ለዚያ ማታ የሚወሰድ ኪኒን ለማከል የሚወስነው ግን የቲቢ መድኃኒቱን የሚያውቀው ሐኪም መሆን አለበት።

ከፋርማሲ በቀላሉ ከሚገኙት መካከል ትራማዶልን ይጠንቀቁ፤ ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲሆን የሚጥል ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል። የጉንፋንና የአለርጂ ኪኒኖች ድንዛዜውንና ድርቀቱን ይደራርባሉ። ፍሉኦክሴቲን ከቀድሞ የተረፈዎ ካለ በራስዎ አይቀላቅሉ፤ የአሚትሪፕቲሊንን መጠን በደም ውስጥ በብዙ ያሳድገዋል።

የጎረቤትዎ መጠን የእርስዎ አይደለም

ስለ ኢትዮጵያውያን በተለይ የታወቀ አንድ ነገር አለ። አሚትሪፕቲሊንን በጉበት ውስጥ ከሚያጣሩት ኢንዛይሞች አንዱ ሲዋይፒ2ዲ6 ይባላል። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶ የሚሆኑት የዚህን ኢንዛይም ዘረመል ደጋግመው የያዙ ሆነው ተገኙ፤ በአውሮፓውያን ዘንድ ይህ በጥቂቶች ላይ ብቻ የሚታይ ነው። እንዲህ ያለው ሰው መድኃኒቱን በፍጥነት ያቃጥለዋል፤ ለሌላው የበቃው መጠን እርሱን ላይነካው ይችላል። በሌላ ጫፍ ደግሞ በዝግታ የሚያጣራ ሰው አለ፤ ትንሿ ኪኒን ቀኑን ሙሉ ታደነዝዘዋለች።

«አልሠራልኝም» ብሎ የሚመጣ ኢትዮጵያዊ ኪኒኑን አልዋጠም ተብሎ ከመጠርጠሩ በፊት ይህ ሊታሰብለት ይገባል። ለአንባቢው ደግሞ ትርጉሙ ሌላ ነው፦ እህትዎን የረዳት መጠን እርስዎን ይረዳል ማለት አይደለም፤ በራስዎ መጨመርም መልስ አይሆንም፣ በየትኛው ወገን እንዳሉ አያውቁምና። የታዘዘውን ወስደው የተሰማዎትን በታማኝነት ይንገሩ።

ነገ ጠዋት ምን ሥራ አለብዎ?

አሚትሪፕቲሊን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ግማሹ እስኪወጣ ከ10 እስከ 28 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ማታ 5 ሰዓት ላይ ውጦ ሌሊት 11 ሰዓት ሚኒባስ የሚያስነሳ ሾፌር ገና በመድኃኒቱ ውስጥ ሆኖ ከአዲሱ ገበያ ቁልቁል ይነዳል። ሳይነጋ ወደ እንጦጦ ወጥታ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርድ ሴት፣ ሽሮ ሜዳ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ድር የሚያደራ ሸማኔ፣ ሁሉም ጠዋት ንቃት ያስፈልጋቸዋል። ሥራዎን ለባለሙያው ይንገሩ። የመጀመሪያውን ኪኒን በማግሥቱ ሥራ በሌለበት ማታ ይጀምሩ፤ ቀደም ብሎ፣ ለምሳሌ 2 ሰዓት ላይ ይውሰዱት። እንዴት እንደሚያነጋዎ ሳያውቁ መሪ አይጨብጡ።

ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ለሆነባቸው ቤቶች ደግሞ ይህን እጨምራለሁ። መድኃኒቱ ከተኙበት ብድግ ሲሉ የደም ግፊትን ይጥላል። ሌሊት ሲነሱ አልጋው ጫፍ ላይ ጥቂት ይቀመጡ፣ ከዚያ ይቁሙ፤ የእጅ መብራት ከትራስ አጠገብ ይኑር። አረጋውያን የዳሌ አጥንታቸውን የሚሰብሩት እንዲህ ባለ ሌሊት ነው።

ቡና፣ ጫት፣ አረቄ

ከሰዓት 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ኃይሉ በደም ውስጥ ሊኖር ይችላል። ሦስተኛውን ቡና እየጠጡ ማታ የእንቅልፍ ኪኒን መዋጥ ሁለት ተቃራኒ መድኃኒቶችን በአንድ ቀን መውሰድ ነው። ቡናውን ከምሳ በፊት አድርገው ሁለት ሳምንት ይሞክሩት፤ ለአንዳንዱ ሰው ኪኒኑ ላያስፈልግ ይችላል። ጫት ልብን ያፋጥናል፤ አሚትሪፕቲሊንም ያፋጥናል። ጠጅና አረቄ ከመድኃኒቱ ጋር እስትንፋስ እስኪዳከም ሊያደነዝዙ ይችላሉ፤ እዚህ ላይ «ትንሽ ብቻ» የሚባል የለም።

ጾምና ጸበል

ማታ የሚወሰድ መሆኑ ለጾመኛ ምቹ ነው፤ በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን ሰዓቱ አይጋጭም። የሚያስቸግረው ቀኑን ውኃ ሳይጠጡ መዋል ነው፤ አፍ ይደርቃል፣ ሆድ ይታሰራል፣ ሲቆሙ ያዞራል። ሲፈቱ በደንብ ውኃ ይጠጡ፤ ተልባም ለሆድ ድርቀት ይረዳል። ለመቁረብ ከሆነ ከሐኪምና ከንስሐ አባት ጋር አስቀድሞ መመካከር ነው።

ወደ እንጦጦ ማርያም ወይም ወደ ሽንቁሩ ሚካኤል የሚሄዱ ብዙ ናቸው፤ በጸበሉ የሚያገኙትን መጽናናት ማንም አይነካባቸው። ኪኒኑን ግን በዚያ ምክንያት አያቋርጡ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒታቸውን አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር። ለአእምሮ ሕመምም ይኸው ምክር ቢደገም ብዙ ሰው ያድናል ብዬ አምናለሁ።

ያለ ኪኒን የሚቻል ነገር ተሞክሯል?

ችግርዎ እንቅልፍ ብቻ ከሆነ፣ ድባቴም ጭንቀትም ከሌለ፣ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ምክር መጀመሪያ ኪኒን አይደለም፤ ልማድን የሚያስተካክል የንግግር ሕክምና ነው። ዋና ዋናዎቹ በቤት ይሠራሉ፦ ሌሊቱ ምንም ያህል ቢከፋ ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት፣ ቀን አለመተኛት፣ እንቅልፍ ሳይመጣ አልጋ ላይ አለመውጣት፣ ዓይን ከፈጠጠ ተነሥቶ በደብዛዛ ብርሃን መቀመጥ። አልጋው ሶፋም ጠረጴዛም በሆነበት አንድ ክፍል ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢያንስ ቀን የሚቀመጡበትንና ማታ የሚተኙበትን ጫፍ ይለዩ፤ ስልኩን ከእጅ ርቀት ውጪ ያስቀምጡ።

ስለ ጭንቀትም ቢሆን መነጋገር ከመድኃኒቱ ጎን መሄድ አለበት። ለዚህ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ መሄድ ግድ አይደለም። ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል እርሱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን የሥነ አእምሮ ነርሶች ሠልጥነው በየሆስፒታሉ ተሰማርተዋል፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ደግሞ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችን የማሠልጠን ሥራ ተጀምሯል። በጤና ጣቢያዎ «የአእምሮ ጤና የሚያይ ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ከውጭ የተላከልዎ ካለ

ከዋሽንግተን ወይም ከሚኒሶታ የመጣ ዘመድ «እኔ በዚህ ነው የምተኛው» ብሎ ትራዞዶን ወይም ሚርታዛፒን ትቶ ሊሄድ ይችላል። እነዚህም የሚያስተኙ የድባቴ መድኃኒቶች ናቸው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2017 ትራዞዶን ለእንቅልፍ ማጣት ብቻ እንዳይሰጥ መክሯል። ሚርታዛፒን የምግብ ፍላጎትንና ክብደትን ይጨምራል። ለሌላ ሰው ታዝዞ፣ በሌላ ሰው ስም የመጣን ኪኒን አይጀምሩ፤ ሲያልቅ የሚተካልዎ እንኳ አይኖርም።

አወጣጡንም ከመግባትዎ በፊት

ለድባቴ ከሆነ፣ ስሜቱ ከተስተካከለ በኋላም መድኃኒቱ ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል። ሲያቆሙ በሐኪም ምክር ቢያንስ በአራት ሳምንት ውስጥ እየቀነሱ ነው። ድንገት ያቆመ ሰው ያቅለሸልሸዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፉ ይብሳል፤ ያን ጊዜ «ሱስ ሆነብኝ» ብሎ ይደነግጣል። ኪኒኑ ሳያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ፋርማሲ ይሂዱ። ከሰፈርዎ ከጠፋ ከነማ ወይም ቀይ መስቀል ፋርማሲ ይጠይቁ።

የት ይቀመጣል? ማን ይይዘዋል?

ይህን መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ስለሚያንስ አይደለም። አሚትሪፕቲሊን ከመጠን በላይ ሲወሰድ ልብን የሚያቆም መድኃኒት ነው፤ ለትንሽ ልጅ ጥቂት ኪኒኖች ይበቃሉ። ሕፃናት ባሉበት ቤት በተቆለፈ ሳጥን እንጂ በቡፌ ላይ ወይም በቦርሳ ውስጥ አይቀመጥም።

የመሞት ሐሳብ የሚመጣብዎ ከሆነ ደግሞ ይህን ለባለሙያው በግልጽ ይናገሩ። ሌላ መድኃኒት ሊመርጥ፣ ወይም የአንድ ሳምንት ብቻ ሊሰጥዎና ኪኒኑን የቤት ሰው እንዲይዝልዎ ሊያደርግ ይችላል። ይህ ቅጣት አይደለም፤ ጥንቃቄ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በልጆች፣ ከ2007 ጀምሮ ደግሞ እስከ 24 ዓመት ባሉ ወጣቶች ላይ የድባቴ መድኃኒቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህን ሐሳብ ሊያባብሱ እንደሚችሉ ያስጠነቅቃል። ወጣት ልጅዎ ከጀመረ እነዚያን ሳምንታት ብቻውን አይተዉት፤ ድንገት ቁጡ ከሆነ፣ ከተቅበጠበጠ፣ ከሰው ከራቀ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ይውሰዱት።

ከመጠን በላይ የዋጠ ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም፣ ቢተኛም፣ ጊዜ አይስጡት። ወተት አጠጥቶ ወይም አስታውኮ ቤት ማቆየት ሕይወት ያስከፍላል። ባዶውን ማሸጊያ ይዘው ወደ ቅርቡ ድንገተኛ ክፍል ያድርሱት፤ መጓጓዣ ከሌለ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ወይም በ939 ይደውሉ።